ኃይሌ ፊዳ፦ ለወታደር ሐሳብ ያበደረው ሰው

ዲላ ከተማ በመምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። አያቱ የወናጎ ገበሬ ናቸው፤ ቡናና እንሰት ሲያበቅሉ የኖሩ። ቤተሰቡ እንደ አብዛኛው የጌዴኦ ሰው ፕሮቴስታንት ነው። አዛውንቱ ግን ለገበያ ወደ ዲላ ሲወጡ መስጂድ አጠገብ ያለች የአንድ ሙስሊም ወዳጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ አረፍ ማለት ያዘወትሩ ስለነበር፣ ከዙህር ሶላት ስወጣ እዚያው አገኛቸዋለሁ። ቡና ይፈላል፤ ወሬ ይነሣል።

አንድ ቀን መሬቱን ማን እንደሰጣቸው ጠየቅኋቸው። ደርግ ነው እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን መሬቱን የሰጡን ተማሪዎች ናቸው፣ ቡናውን የወሰዱብን ደግሞ ወታደሮች ናቸው አሉኝ። በታሪክ ደረጃ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህች አባባል ከልቤ አልወጣችም። ያስተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ያላገኘሁትን ነገር ይዛለች። ከዚያ በኋላ የዚያን ትውልድ ሰዎች ሕይወት ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ከሁሉም በላይ ያቆመኝ የኃይሌ ፊዳ ሕይወት ነው።

ኃይሌ ፊዳ ሙስሊም አልነበረም፤ እንዲያውም ፖለቲካውን በማርክስና በሌኒን መጻሕፍት ላይ የመሠረተ ሰው ነው። ታዲያ ስለ እሱ እዚህ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔን የሳበኝ እምነቱ አይደለም፤ የገጠመው ጥያቄ ነው። ጠመንጃ የያዘ አካል መልካም ነገር ሲሠራ፣ ደጋፊ ሆነህ ከውስጥ ታርመዋለህ ወይስ ውጭ ቆመህ መብትህን ትጠይቃለህ? ይህ ጥያቄ በ1966 ለሙስሊሙም ቀርቦለት ነበር። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ቀርቦልናል።

ኃይሌ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወለጋ ውስጥ አርጆ አካባቢ ተወለደ። ከገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ የደረሰ፣ በትምህርቱ የታወቀ ልጅ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አጠና። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ፊቱን ከድንጋይ ወደ ሰው አዞረና ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ተማረ። እዚያው ፈረንሳዊት አገባ፤ ልጆችም ወለደ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ። የሚያውቁት ሰዎች ረጋ ያለ፣ የሚያነብ፣ ከመጮህ ይልቅ ማስረዳት የሚወድ ሰው እንደነበር ይናገራሉ።

በሕይወቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሥራ አለ። ፈረንሳይ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የአፋን ኦሮሞን ሰዋስው በላቲን ፊደል አዘጋጅቶ አሳትሟል። በዚያን ጊዜ አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤትም በፍርድ ቤትም ቦታ አልነበረውም። ሚሊዮኖች የሚናገሩት ቋንቋ ሊጻፍ ይገባዋል ብሎ ሌሊቱን ስለ አናባቢና ተነባቢ ሲያስብ የሚያድር ሰው፣ ሥልጣን ብቻ ፈልጎ ወደ ፖለቲካ የገባ ነው ለማለት ይከብዳል። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

በነሐሴ 1960 ኃይሌና ጓደኞቹ ጀርመን ሃምቡርግ ላይ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን፣ በአጭሩ መኢሶንን መሠረቱ። ድርጅቱ ለዓመታት በስውር ነው የኖረው። የመሥራቾቹ ምኞት በወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽ ነው፦ መሬት ለአራሹ ይሁን፤ ብሔረሰቦች እኩል ይሁኑ፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ ሕዝቡ ተደራጅቶ ራሱን ያስተዳድር። መሬት ለአራሹ የሚለውን መፈክር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 በአደባባይ ጮኸውታል። መፈክሩን ያነገቡት ልጆች ብዙዎቹ ማረሻ ይዘው አያውቁም። ጌዴኦ ውስጥ ግን ነገሩ መፈክር ከመሆኑ በፊት ደም ፈስሶበታል።

ጌዴኦ በዚያ ዘመን ደራሳ አውራጃ እየተባለ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ከምኒልክ ጦር መግባት በኋላ ገበሬው ገባር፣ ቀጥሎም ጭሰኛ ሆነ። የቡና ዋጋ ከፍ ሲል የባለርስቱም ፍላጎት አብሮ ከፍ አለ። ገበሬው አያቱ በተከሉት እንሰትና ራሱ ባሳደገው ቡና ላይ ድርሻ ይከፍላል። በ1952 ይህን አንሰጥም ብሎ ተነሣ። ሚችሌ በተባለ ቦታ ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ገጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የተማሪዬ አያት ያኔ ልጅ ነበሩ። ሴቶች ሲያለቅሱ እንደሰሙና ለቀናት ማንም ወደ ማሳው እንዳልወረደ ያስታውሳሉ። ሃምቡርግ ላይ ድርጅት ከመመሥረቱ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

አብዮቱም የጀመረው በዚያው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር ተማርሮ አለቆቹን አሰረ። ነገሩን ሊያጣሩ የሄዱትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዞ ወታደሩ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንዲቀምሱ አስገደዳቸው። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች፣ መምህራን፣ ሠራተኞች ተከተሉ። ወታደሩ ያነሣው የውሃ ጉድጓድ ጉዳይ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን አገሪቱ በእጁ ገባች።

በመካከሉ ሙስሊሙ ተነሣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ መቶ ሺህ ገደማ ሰው አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ነበሩ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ ሕጋዊ ተቋም ይኑረን፣ የመሬት ባለቤት እንሁን፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች መባላችን ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል የሚሉት ከመካከላቸው ናቸው። አባቶቻችን ሶሻሊስት ስለሆኑ አይደለም የወጡት። በገዛ አገራቸው እንግዳ መባሉ ስለሰለቻቸው ነው። ከጥያቄዎቻቸው በርከት ያሉት ግን ኃይሌና ጓደኞቹ አውሮፓ ላይ ከጻፉት ጋር አንድ ነበሩ።

ደርግ በሰኔ 1966 ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። ያለ ደም የሚደረግ ለውጥ ነው ይባል ነበር። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት አልፎ፣ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ጄኔራል አማን አንዶምን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ብዙ ምሁራን ያን ሌሊት በዝምታ አለፉት፤ የተገደሉት የፊውዳል ሥርዓት ሹማምንት ናቸው ብለው። የብዙ አብዮቶች መንሸራተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፍርድ ቤት የማያስፈልገው ሰው አለ ተብሎ አንድ ጊዜ ከታመነ፣ ቀጥሎ ማን እንደሆነ የሚወስነው ጠመንጃ የያዘው ነው።

በታኅሣሥ 1967 ዒድ አልፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ በቤታቸው ተደብቀው እንደሚያከብሩ ሰዎች ይሰማቸው የነበሩ አባቶች ያለቀሱበት ቀን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ፣ በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ተከለከለ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። በሰሜኑ ክፍል ለዘመናት ርስት የተከለከለና በሽመናና በንግድ የኖረ ሙስሊም እንኳ ያለበትን መሬት የማረስ መብት አገኘ። ጌዴኦ ውስጥ ብዙው ገበሬ የያዘው ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ስለዚህ የ10 ሄክታሩ ጣሪያ ለሱ ትርጉም አልነበረውም። የባለርስቱ ድርሻ መቅረቱ ግን ሁሉም ነገር ነበር። ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተው ገበሬውን በማኅበር ያደራጁት በዚህ ወቅት ነው። አዛውንቱ መሬቱን የሰጡን ተማሪዎች ናቸው ያሉኝ ለዚህ ነው፤ አዋጁን ይዞ ደጃቸው ድረስ የመጣው ወታደር አልነበረም።

ኃይሌ ፊዳ በዚያው በ1967 ከፈረንሳይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ ወታደር አብዮት አይመራም፣ አሁኑኑ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። መኢሶንም መጀመሪያ ላይ ከዚህ የራቀ አቋም አልነበረውም። ከመሬት አዋጁና በሐምሌ 1967 ከወጣው የትርፍ ቤቶች አዋጅ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ስሙም ሂሳዊ ድጋፍ ተባለ፦ ደርግ የሚሠራውን መልካም ነገር ደግፍ፣ ስህተቱን ንቀፍ፣ በተገኘው ጊዜ ሕዝቡን አደራጅና አስታጥቅ፤ ሕዝቡ ሲጠነክር ወታደሩ ወደ ጦር ሰፈሩ ይመለሳል።

ይህን ስሌት ዛሬ ላይ ሆኖ መናቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው ሞኝነት ብዬ ልተወው አልቻልኩም። ደርግ ፕሮግራም አልነበረውም። አባላቱ ብዙዎቹ ዝቅተኛ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ናቸው፤ ስለ ሶሻሊዝም የሚያውቁት ከሬዲዮ የሰሙትን ነው። አስተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኃይሌ ደግሞ አስተማሪ ነበር። ለዓመታት ያለመው የመሬት አዋጅ ወጥቶ ሳለ፣ አዋጁን ያወጡት ሰዎች ወታደር ናቸው ብሎ ከዳር መቆም ለገበሬው ምን ይረባዋል? እኔ በዚያ ዘመን ብኖር የሱን መንገድ አልመርጥም ነበር ብዬ መማል አልችልም።

በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። የኃይሌና የጓደኞቹ እጅ ያለበት ሰነድ ነው። ለብሔረሰቦች መብት፣ ለእኩልነት፣ ለሕዝብ መደራጀት ቃል የገባ። አብሮት የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ኃይሌ ሊቀ መንበሩ ሆነ። ከድርጅቱ መሪዎች መካከል እንደ ቀድር መሐመድ ያሉ ሙስሊም ወንድሞችም ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ ካድሬ ያሠለጥናል፣ ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ቀበሌዎችንና የገበሬ ማኅበራትን ያደራጃል። ወታደሮቹ ቋንቋውን ከእሱ ተማሩ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ፦ ኢሕአፓና መኢሶን ፕሮሌታሪያት ለሚለው ቃል የአማርኛ ስሙ ላብ አደር ነው ወይስ ወዝ አደር በሚለው ሳይቀር ይለያዩ ነበር። ሰው የቃሉን አጠቃቀም ሰምቶ የማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ላቡም ወዙም የሚፈስለት ሠራተኛ ግን ብዙም አልተጠየቀም።

ስሌቱ የቱ ላይ ተሳሳተ? ሂሳዊ ድጋፍ የሚሠራው ሂሱ ዋጋ ሲኖረው ነው። ነጻ ጋዜጣ፣ ነጻ ፍርድ ቤት፣ ራሱን ችሎ የቆመ ማኅበር ካለ የደጋፊ ወቀሳ ሰሚ ያገኛል። ኃይሌ በእጁ የነበረው ግን ከደርግ የተሰጠው ቢሮ ነው። ቢሮውን የሰጠ ሊወስደው ይችላል። ለሕዝብ መደራጀት ታስበው የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራትና ቀበሌዎችም ትእዛዝ የሚጠብቁት ከላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው ሹራ ሳይኖር ምክር ነበር፤ መካሪው መካሪ ሆኖ የሚቆየው ተመካሪው እስከፈለገ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን የራሱ የመኢሶን እጅ ነው፤ ይህን ሸፍኖ ኃይሌን ንጹሕ ሰማዕት ማድረግ ዐድል አይሆንም። በ1969 መጀመሪያ ኢሕአፓ በከተማ ግድያ ጀመረ፤ ከመኢሶን ምሁራን ፍቅሬ መርዕድ ቀድመው ከወደቁት አንዱ ነው። መኢሶን ደግሞ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች እንዲታጠቁ ገፋ፤ በአሰሳውና በማጋለጡ ካድሬዎቹ ተሳተፉ። ጥር 26 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም ሊቀ መንበሩን ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎችን ገድሎ ሥልጣኑን ጠቀለለ። መኢሶን ይህን የአብዮቱ ድል አድርጎ ነው የተቀበለው። በሚያዝያ 1969 በሜይ ዴይ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። መሬት ለአራሹ ብሎ አብሮ የጮኸ ትውልድ፣ አንዱ ሌላውን ለወታደር አሳልፎ ሰጠ። ወታደሩ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ወገን ሲደክም ሥልጣን ለሱ ብቻ ቀረ።

በዩኒቨርሲቲ እስላማዊ ታሪክ ስንማር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ ታሪክ አንብበን ነበር፤ ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም። በ129 ዓመተ ሒጅራ አቡ ሙስሊም አልኹራሳኒ በኹራሳን ጥቁር ባንዲራ አንሥቶ በኡመውያ ላይ ተነሣ። ጥሪው ከነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ቤተሰብ ሁሉም የሚስማማበት ሰው ይምራን የሚል ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ሆን ተብሎ አልተነገረም። ከዐረብ ያልሆኑ ሙስሊሞች፣ መዋሊ የሚባሉት፣ ግብርና ንቀት መርሯቸው ስለነበር በገፍ ተከተሉት። በ132 ኡመውያዎች ወደቁ። ሁሉም የሚስማማበት የተባለው ሰው በምክክር አልተመረጠም፤ ሥልጣኑ የዐባሲያ ቤተሰብ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኸሊፋው አልመንሱር አቡ ሙስሊምን አስጠርቶ አስገደለው። እውነቱን ለመናገር የዐባሲያ ለውጥ ባዶ አልነበረም፤ መዋሊዎች በመንግሥት ውስጥ ቦታ አገኙ፣ ዕውቀት አበበ። የተነሣበት ዋና ጥያቄ፣ መሪን ማን ይመርጣል የሚለው፣ ግን ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ተላልፎ ቀረ። አቡ ሙስሊምም ቢሆን በመንገዱ ላይ የቆሙትን ሲያስገድል የኖረ ሰው ነው። ሁለቱን ሰዎች አንድ ናቸው አልልም። አቡ ሙስሊም የጦር መሪ ነበር፣ ኃይሌ የመጽሐፍ ሰው። መጨረሻቸው ግን ተገናኘ፦ ባለ ሥልጣኑ ውለታ ያለበትን ሰው አይወድም።

በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ደርግ ሙሉ በሙሉ ወደ ጦርነት ዞረ፤ በፖለቲካ ድርጅቶቹ መካከል የነበረው ሽኩቻም ጠነከረ። መንግሥቱ የራሱን ሰዎች ሰደድ በሚባል ድርጅት አሰባስቦ ነበር፤ መኢሶን ያሠለጠናቸው ካድሬዎች በአንድ ወገን፣ የወታደሩ ካድሬዎች በሌላ ወገን ሆኑ። መኢሶን ሂሳዊ ድጋፉ አብቅቷል ብሎ በነሐሴ ወደ ኅቡዕ ገባ። አገር በተወረረችበት ወቅት መውጣቱ ክህደት ተደርጎ ተቆጠረበት። ኃይሌና ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ ተያዙ። ሲያደራጁት የነበረው ገበሬ ይሸሽገናል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ማኅበራቱ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቁት አለቃቸው መንግሥት ነው።

ወደ ሁለት ዓመት ታሰረ። በሐምሌ 1971 ከእስር ተወስዶ ተገደለ። በዚያው ወር ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። የኢሕአፓው መሪ ብርሃነ መስቀል ረዳም በዚያው ዓመት በዚያው መንግሥት እጅ ጠፋ። ላብ አደር ያለውም ወዝ አደር ያለውም አንድ ዕጣ ደረሳቸው። ግድያው አልታወጀም። ቤተሰብ ለዓመታት በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ ቆየ፤ ነገሩ በይፋ የተነገረው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ጽሑፉን እዚህ ላይ ባቆም የአንድ ሰው ሞት ታሪክ ይሆናል፤ ነገር ግን የተማሪዬ አያት የነገሩኝ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ጌዴኦ ውስጥ መሬቱ ለገበሬው ሆነ፤ ይህ አልተመለሰም። ቡናው ግን ገዢው አንድ ሆነ። የመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ዋጋ ይቆርጣል፣ ማኅበሩ ኮታ ያደርሳል፣ ሌላ ቦታ መሸጥ ኮንትሮባንድ ይባላል። ባለርስቱ ቀርቶ ድርሻው አልቀረም ብለው ነው አዛውንቱ የሚገልጹት። የገበሬ ማኅበሩ መጀመሪያ ባለርስቱን ያባረረ የገበሬው የራሱ ክንድ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግብር የሚሰበስብ፣ ለውትድርና ልጅ የሚመለምል፣ ለስብሰባ የሚያስጠራ ጽሕፈት ቤት ሆነ። በ1970ዎቹ ገበሬውን ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማስገባት ሲጀመር ነገሩ ገነፈለ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉ ደረጃዎች ነበሩት፤ በየደረጃው የግል ማሳ እየጠበበ ይሄዳል። እንሰትና ቡና እንደ ስንዴ ማሳ ሊጠቃለል አይችልም። እያንዳንዱ እግር ተካይ አለው፣ በሰው ስም ይታወቃል፣ ከሥሩ የአባት መቃብር አለ። ጌዴኦ ውስጥ ደም ያፈሰሰ ተቃውሞ ተነሣ። ከሚችሌ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በገበሬው ስም በተቋቋመ መንግሥት ላይ።

የሙስሊሙም ነገር ተመሳሳይ ነው። በ1968 መጅሊስ ተቋቋመ፤ ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ መሪው ሆኑ። ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከተረጎሙት ዑለማዎች አንዱ ናቸውና በሰውየው ላይ ጥያቄ የለም። ተቋሙ ግን በአዋጅ የቆመ ሕጋዊ ሰውነት አልነበረውም፤ መንግሥት ሲፈቅድ የሚንቀሳቀስ፣ ሲከለክል የሚቆም ነው። በዓሎቻችን በካሌንደር ላይ ገቡ፤ ሐጅ የሚሄደው ሰው ቁጥር ግን በመንግሥት ፈቃድ ተወሰነ። የ1966ቱ ሰልፈኞች የጠየቁት በሕግ የታወቀ ተቋም በአዋጅ የጸደቀው በ2012 ነው፤ 46 ዓመት ቆይቶ። ከሰልፈኞቹ ስንቱ ያን ቀን እንዳየ አላህ ይወቅ። በመሃሉ በ2004 የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ ብለው የወጡ ወንድሞቻችን ታስረዋል። ከመንግሥት በስጦታ ያገኘነውን ነገር ሁሉ ስቆጥር፣ የኃይሌን ቢሮ አስታውሳለሁ።

ወደ ኃይሌ ሰዋስው ልመለስ ብዬ ነበር። በሐምሌ 1971፣ እሱ በተገደለበት በዚያው ወር፣ ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። አፋን ኦሮሞ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የጌዴኦ ቋንቋም ገባ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ሚሊዮኖች ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። በቋንቋህ ተማር የሚለው ሐሳብ ተወሰደ፣ ሐሳቡን ካመጡት ሰዎች አንዱ ግን በማን እንደታነቀ ሳይታወቅ ተቀበረ።

የተማሪዬ አያት ማንበብ የተማሩት በዚያ ዘመቻ ነው። ቀን ማሳ ላይ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን። በጌዴኦ ቋንቋ ፊደሉን ሲለዩ ልጅ የሆኑ ያህል ደስ እንዳላቸው ይነግሩኛል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ደርግን አያሙም። በዚያ ዓመት የቡና ወቅት ሲደርስ ያመረቱትን ለማኅበሩ አስረከቡ። የተሰጣቸውን ደረሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያነብላቸው ራሳቸው አነበቡት። የኪሎው ቦታ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። የዋጋው ቦታ ግን ቀድሞ በማኅተም የተመታ ነበር።